የቀትር መዶሻ

እናንተ ቀትር ላይ ጋደም የምትሉ ሰዎች፣ ወሬዬን ከመጀመሬ በፊት አፉ በሉኝ። አዋሽ ላይ ፀሐይ አናት ላይ ስትቆም ሁሉም ነገር ይተኛል። ውሻው ከቆመ መኪና ሥር ገብቶ ይዘረራል። ባለሱቁ ካርቶን አንጥፎ በሸቀጡ መሐል ይጋደማል። የጅቡቲን መንገድ የሚመላለሱት ሹፌሮች እንኳ ከተሳቢያቸው ጥላ ሥር ምንጣፍ ጥለው ያንኮራፋሉ። በዚያ ሰዓት «ቋ፣ ቋ፣ ቋ» የሚል ድምፅ ሰምቶ «ይሄ ደግሞ ማን የተረገመ ነው?» ያለ ሰው ካለ፣ የተረገመው እኔ ነበርኩ።

ዕድሜዬን የጨረስኩት በጎሚስታነት ነው። ከወሎ በልጅነቴ ወርጄ፣ ጎማ ሳወልቅ ጎማ ስገጥም ጢሜ ነጣ። ትምህርቴ ጥቂት ቁርአን ቤት፣ ጥቂት የአማርኛ ፊደል ናት፤ የቀረውን ያስተማረኝ መኪና ማንሻው ክሪክ ነው። ክሪክ ደግሞ የሚያስተምረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከሥሬ ገብተህ እንዳትተኛ። ይህን ትምህርት አብዝቼ ሳልማር አልቀረሁም።

ወገቤ እምቢ ሲል ሥራውን ለሌላ ለቅቄ ቤቴ ገባሁ። የገባሁት ግን እየፈራሁ ነው። ይማም የሚባል የሥራ ጓደኛ ነበረኝ፣ አላህ ይዘንለትና። ከእኔ ቀድሞ ሥራ አቆመ። ልጆቹ ደስ ብሏቸው መደገፊያ ያለው የፕላስቲክ ወንበር ገዙለት። ይማም ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ «እፎይ» አለ፤ ብዙም ሳይቆይ ቀበርነው። ሐኪሞቹ ጉበት ነው አሉ። እኔ የጠረጠርኩት ወንበሩን ነው። ለቅሶው ላይ ያንኑ ወንበር አምጥተው ተቀመጥ ቢሉኝ፣ «ወገቤን ያመኛል» ብዬ ቆሜ ዋልኩ። ለቀስተኛው ሁሉ «እንዴት ቢወደው ነው፣ መቀመጥ እንኳ አቃተው» ብሎ አለቀሰልኝ።

ከዚያ ወዲያ በልቤ አንድ ሕግ አወጣሁ። ሞት የሚመጣው የተቀመጠ ሰው ዘንድ ነው፤ ሲንቀሳቀስ ያገኘውን «ሥራ ላይ ነው» ብሎ አልፎት ይሄዳል። ሞኝነት ነው፤ አውቃለሁ። ሞኝነት ግን እንደ ብርድ ልብስ ነው፤ በዚህ ሙቀት እንኳ አንዴ ከለበሱት አይጥሉትም።

እንግዲህ ቤት ውስጥ ሥራ ፈለግሁ። የፈለገ ያገኛል። በሩ ሲዘጋ ይጮህ ነበርና እሱን ላስተካክል ብዬ ነቀልኩት። በሩን ስነቅል መቃኑ ጠመመ። መቃኑን ሳቃና ግድግዳው ተሰነጠቀ። ግድግዳውን ልለስን ጭቃ ሳቦካ ዶሮዎቹ ገብተው ቦኩ። ዶሮዎቹን ለማገድ አጥር ጀመርኩ፤ አጥሩ ሳያልቅ ጭቃው ደረቀ። የጀመርኩት ሁሉ ሌላ ይወልዳል፤ የሚያልቅ የለም። ጠዋት ስነቃ ሥራዎቼ በራስጌዬ ተሰልፈው እንደ ወረፋ ጠባቂ ይጠብቁኛል። ከየቱ እንደምጀምር ግራ ሲገባኝ፣ መዶሻዬን አንስቼ ቅርብ ያለውን ነገር እመታለሁ። ሲመቱ ሐሳብ ይጠፋል። ጎረቤት «በርታ፣ እጅህ አይቦዝን» ሲለኝ ደግሞ የበለጠ እመታለሁ።

ሚስቴ ዘሐራ ደም ግፊት አለባት፤ ልቧም ደክሟል። ሐኪሙ መድኃኒት ሰጥቶ፣ ከመድኃኒቱም በላይ ቀትር ላይ መተኛት አለብሽ ብሏታል። ዘሐራ ትእዛዝ አክባሪ ናት። ምሳ በልታ፣ ዙህር ሰግዳ፣ ከመደቡ ላይ ጋደም ትላለች። እኔ ደግሞ ልክ በዚያ ሰዓት ምስማር ትዝ ይለኛል። «የሐያት አባት፣ አንዴ ዝም በል» ትለኛለች፤ እሺ ብዬ ወደ ጓሮ እዞራለሁ፤ ከጓሮ የተመታ የማይሰማ ይመስል። «ከጓሮም ይሰማል» ስትለኝ መዶሻው ላይ ጨርቅ ጠቀለልኩበት። በዚህ ብልሃቴ ኮርቼ «አሁንስ?» ብዬ ልጠይቃት ስገባ፣ ገና ያሸለበችውን ሴትዮ ቀሰቀስኳት።

አንድ ቀን ጠዋት ትራሷን በፌስታል ጠቅልላ ወጣች። ሰመራ የምትኖረው ልጃችን ሐያት ዘንድ ልትሄድ ነው። ተጣልተን አይደለም፤ ዘሐራ መጣላት አታውቅም። «ልተኛ ነው የምሄደው» አለችኝ፤ በቃ። ሰው ለሐጅ ይሄዳል፤ ለንግድ ይሄዳል፤ ለሰርግ ይሄዳል። የእኔ ሚስት ለእንቅልፍ አገር አቋርጣ ሄደች። አውቶቡሱ ሲነሳ ትራሷን አቅፋ በመስኮት አየችኝ፤ እኔ የመስኮቱ ጎማ መላላቱን እያየሁ ነበር።

አሁን ሞኝነቴን እዩልኝ። ቤቱ ባዶ ሲሆን ቁጭ ብዬ ማሰብ ሲገባኝ፣ እንዲህ ብዬ ደመደምኩ፤ ዘሐራ የሄደችው ሥራው ስላላለቀ ነው፤ ሁሉንም ጨርሼ ብጠብቃት ተመልሳ ትመጣለች። ስለዚህ ሁሉንም በአንዴ ጀመርኩት። አልጋውን ፈታታሁት፤ እግሩ ይንቋቋ ነበር። ዕቃውን ሁሉ ግቢ አወጣሁት፤ ወለሉን ላስተካክል ነው። የውሃውን በርሜል ደፍቼ ለማጠብ አዘጋጀሁት። ጣራው ላይ የዛጉ ቆርቆሮዎች ነበሩ፤ እነሱንም ነቅዬ ልገለብጣቸው ወሰንኩ። ለአልጋው እግር ማጠናከሪያ እንጨት ባጣ ደግሞ የመሰላሉን መርገጫዎች ነቀልኳቸው። መርገጫ የሌለው መሰላል ምን እንደሚባል አላውቅም፤ ሁለት እንጨት ነው የሚባለው መሰለኝ።

ጣራ ልወጣ ስል ታዲያ መሰላል የለም። በርሜሉን ከግድግዳው አስጠግቼ፣ በሱ ላይ ቆሜ ወጣሁ። ጊዜው ቀትር ነው። ግማሹን ቆርቆሮ ነቅዬ ወደ ታች ስወረውር አንዱ በርሜሉን መታው። ባዶ በርሜል ነው፤ ወደቀ፣ ተንከባለለ፣ ግቢውን አቋርጦ ከአጥሩ ሥር ሄዶ አረፈ። ከዚያ ቤት ውስጥ ያረፈው እሱ ብቻ ነበር።

ተጣራሁ። ማን ይስማኝ? ከተማው ተኝቷል። ለስንት ጊዜ የቀሰቀስኩት ሕዝብ፣ በፈለግሁት ቀን አልነቃ አለኝ። ቆርቆሮው ጫማዬን አልፎ ይለበልበኛል። አንዱን እግር ሳነሳ አንዱ ይቃጠላል፤ እንደ ሽመላ ተራ በተራ እያነሳሁ ቆምኩ። ላቤ ግንባሬ ላይ ሳይደርስ ይደርቃል። እንግዲህ በዚህ መሐል ስልኬ ጮኸ። ዘሐራ ናት።

ምን እያደረግሁ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ጋደም ብያለሁ አልኳት። ድምፅህ ነፋስ ነፋስ ይላል አለችኝ። መስኮቱ ተከፍቶ ነው አልኳት። «መስኮቱን እኮ በምስማር ደፍነኸዋል» አለችኝ። «ከፈትኩት» አልኩ። «አልሐምዱሊላህ፣ እንኳን ተኛህ» ብላ ዘጋችው። የዚያን ጊዜ ከቆርቆሮው ይልቅ እሷ ማመኗ አቃጠለኝ።

የአስር ሶላት አዛን ሲል ከተማው ተነሳ። ጎረቤቴ ሁመድ በደጄ ሲያልፍ አየኝ። ሁመድ ሽማግሌ አፋር ነው፤ ግመሎቹን ለልጆቹ ትቶ ከተማ ዳር የተቀመጠ። ከእሱ ጋር ሰላም ተባብሎ ማለፍ የለም። አፋሮች ዳጉ የሚሉት ወግ አላቸው፤ ሰው ከሰው ሲገናኝ ቁጭ ብሎ ወሬ ይሰጣጣል። ያየኸውን «አየሁ»፣ የሰማኸውን «ሰማሁ» ትላለህ፤ አትጨምርም፣ አትቀንስም። የሰማው ሰው ለሚቀጥለው ያደርሳል። በዳጉ የዋሸ ሰው ከዚያ ወዲያ የሚያምነው አያገኝም።

ሁመድ ዱላውን መሬት ላይ ተክሎ፣ ከግቢዬ ግራር ጥላ ሥር ተቀመጠና ቀና አለ። ሰላም መሆኔን ጠየቀ። ቤተሰብ ሰላም መሆኑን ጠየቀ። ዝናቡን ጠየቀ። ቀጥሎ ረጋ ብሎ፣

«ጎሚስታው፣ ከፍታ ላይ የወጣ ሰው ሩቅ ያያል። ምን አየህ?» አለኝ።

«ሁመድ በአላህ፣ ወሬው ይቆየንና በርሜሉን አምጣልኝ» አልኩት።

አመጣልኝ። ወረድኩ። ሁመድ ተመልሶ ተቀመጠና አጠገቡ ያለውን መሬት በመዳፉ መታ መታ አደረገልኝ፤ ተቀመጥ ማለቱ ነው። ጊዜ የለኝም አልኩት። ጨለማ ሳይመጣ ቆርቆሮው ካልተመለሰ አቧራው ቤት ይገባል፤ ገመድ ፍለጋ ወዲያ ወዲህ ማለት ጀመርኩ። ሁመድ አልተቀየመኝም። ዐይኑን ቀስ አድርጎ በግቢው አዞረ፤ ከተፈታታው አልጋ ወደ ሁለቱ እንጨቶች፣ ከእንጨቶቹ ወደ ክፍቱ ጣራ፣ ከጣራው ወደ እኔ። «እሺ» አለ፤ ዱላውን ነቅሎ ሄደ።

እኔም በራሴ ተደሰትኩ። አንድ ቃል አልተነፈስኩለትም፤ ምንም ካልተነገረው ምን ወሬ ይዞ ይሄዳል? ይህን ያህል ዘመን ከአፋር ጋር ኖሬ፣ ለዳጉ አለመቀመጥ ራሱ ትልቅ ወሬ መሆኑን አለማወቄ ይገርማችኋል። እኔንም ገርሞኛል።

ያን ምሽት ነፋሱ መጣና ጅራፉን ቤቴ ውስጥ አጮኸ። የአዋሽን ሸለቆ አቧራ በክፍቱ ጣራ አስገብቶ፣ ባዶው ክፍል ውስጥ አራግፎ ሄደ። እኔ ግቢ ውስጥ በተበተነው አልጋ መሐል ፊቴን በፎጣ ሸፍኜ ቆየሁ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ዘሐራ ደወለች። ድምፅዋ ዝግ ያለ ነው። ሁሉንም አንድ በአንድ ነገረችኝ፤ ጣራውን፣ አልጋውን፣ በርሜሉን። ሁመድ ለዘመዱ፣ ዘመዱ ገዋኔ ላለ ሰው፣ የገዋኔው አዳይቱ ላለ ሰው፣ የአዳይቱው ደግሞ ሐያት ደጅ ወተት ለምታመጣው ሴት አድርሶታል። ዛሬ ዳጉም ሞባይል ይዟልና ይፈጥናል። መልእክቱ አልተጨመረበትም፤ አልተቀነሰበትም፤ «ሰማሁ» የሚባል የለበትም፤ ሁሉም «አየሁ» ነው። ጎሚስታው ጣራ ላይ ቆሟል። ቤቱ ሰማይ ያያል። የቤቱ ዕቃ ውጭ ነው። ለዳጉ አልተቀመጠም።

ሌላውን ሁሉ ወተት አምጪዋ እንደ ቀላል ነገር ነው የተናገረችው። «አልተቀመጠም» ስትል ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ የዘሐራን እጅ ያዘች አሉ። ለዳጉ የማይቀመጥ ሰው ወይ ቤቱ ሬሳ አለ፣ ወይ አእምሮው ተነክቷል። በቤቴ ሬሳ ስላልነበረ የቀረው አንዱ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ለጤናዬ ዱዓ እያደረገ ነበር።

«ጋደም ብያለሁ ያልከኝ እንደዚያ ቆመህ ነው?» አለችኝ።

ቀና ብዬ ክፍቱን ጣራ አየሁ።

«ዋሸኸኝ ብዬ አይደለም» አለች። «እዚህም እንቅልፍ አልወሰደኝም። ዐይኔን ስከድን መዶሻህ ይሰማኛል። አሁን ደግሞ ስትወድቅ ይታየኛል። ከእንግዲህ እኔ አዋሽ አልመጣም።»

ዘሐራ የተቆጣች ጊዜ ምን እንደምትመስል አላውቅም፤ ያን ቀን ግን ደክሟት ሰማኋት፤ ድካም ከቁጣ የከፋ ነው። የተቆጣ ይበርዳል፤ የደከመ ይሄዳል።

በማግስቱ በጠዋት ሰመራ ለመሄድ ተነሳሁ። በሩን ቆለፍኩት። ጣራው ክፍት የሆነ ቤት በሩ ይቆለፋል ወይ ትሉኛላችሁ፤ እኔ ቆለፍኩት። መንገድ ላይ ፈታሾች አውቶቡሱን አስቁመው ቦርሳዬን ሲከፍቱ፣ መዶሻ፣ ፒንሳ፣ ካቻቪቴ፣ ምስማርና አንድ ሸሚዝ አገኙ። ለሥራ ነው የምትሄደው ሲሉኝ፣ ሚስቴን ልለምን ነው አልኳቸው። ፈታሹ መዶሻውን አየ፤ እኔን አየ፤ «አባቴ፣ በደንብ አናግራት» ብሎ መለሰልኝ።

ሰመራ የደረስኩት፣ እንዳትስቁ፣ ቀትር ላይ ነው። ያንን ከተማ በዚያ ሰዓት ያየ፣ ሰዎቹ ሁሉ ልቀቁ ተብለው የወጡ ይመስለዋል። ቢሮዎቹ ተዘግተዋል፤ ዘበኛው ከበሩ ጥላ ጋር አብሮ እየተንሸራተተ ይተኛል። ባጃጅ ውስጥ እግሩን ወደ ውጭ ሰቅሎ የተኛ ሹፌር ነካ ባደርገው፣ ዐይኑን ሳይገልጥ «ከአስር ሶላት በኋላ» አለኝ። በእግሬ ሄድኩ። በዚያ ፀሐይ የሚንቀሳቀስ ሌላ ነገር የለም፤ እኔና ጥላዬ ብቻ፤ ጥላዬም ሙቀቱን ፈርቶ እግሬ ሥር ተሸሽጓል። የቦርሳዬ ብረት ሲንቀጫቀጭ በመንገዱ ሁሉ ይሰማል። ሌባ እንኳ እንደዚህ አያፍርም።

ሐያት በሩን ከፍታ ጣቷን አፏ ላይ አደረገች። እናቷ ተኝታለች። ቦርሳዬን ተቀበለችኝና ከበሩ ውጭ አስቀመጠችው። ቀጥላ በሹክሹክታ፣ «አባ፣ ኪስህን» አለችኝ። አንድ ትንሽ ካቻቪቴ አወጣሁ። «ሌላውንም» አለች። ሽቦ አወጣሁ። የመንገዱ ፈታሽ ያላገኘውን ልጄ አገኘችው።

ዘሐራ ሰሌን ላይ ጎኗን ሰጥታ ተኝታለች። ቬንትሌተሩ ራስጌዋ ላይ «ጠቅ፣ ጠቅ» ይላል፤ ብሎኑ ላልቷል። ከራሴ ጋር ታገልኩ። በእግሬ ጣት ተጠግቼ ብሎኑን በጥፍሬ ልነካው ስል፣ ዐይኗን ሳትገልጥ፣

«ተወው» አለችኝ።

«ላልቷል እኮ።»

«ይላላ።»

ከአጠገቧ ቆምኩ። ለምን እንደማልቀመጥ ጠየቀችኝ፤ በቁጣ አይደለም፤ እንደ ሕመም ነው የጠየቀችኝ። ያን ጊዜ የይማምን ወንበር ነገርኳት። ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር። ትስቃለች ብዬ ነበር፤ አልሳቀችም። ተነስታ ተቀመጠች።

«ይማም ታሞ ነው የኖረው» አለችኝ። «ሚስቱ ነግራኛለች። ጎማ ሲመታ ሕመሙ አይሰማውም ነበር። ወንበሩ ላይ ሲያርፍ ነው የሰማው። ወንበሩ አልገደለውም፤ ነገረው እንጂ። ግን መሽቶ ነበር።»

ዐይኔን ላላው ብሎን ላይ ተከልኩ። ቬንትሌተሩ ብቻ ጠቅ ጠቅ ይላል።

«አንተ ሞትን ትፈራለህ» አለች። «እኔ የምፈራው ሌላ ነው። አንድ ቀን ቀትር ላይ እጠራሃለሁ፤ አንተ ምስማር ትመታለህ። ሞቼ እንኳ የምትሰማኝ ምስማሩ ሲያልቅብህ ነው። የሄድኩት እሱን ፈርቼ ነው።»

ይህን ስትል ፊቷ ላይ ምንም የለም። ሸክሙን ለባለቤቱ አስረክቦ እንደሚሄድ ሰው ተመልሳ ጋደም አለች። እኔ ደግሞ ከሰሌኑ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ፤ ቀጥዬ ተጋደምኩ። ሰውነቴ መተኛት አያውቅም፤ እጄን የት እንደማደርገው ጠፍቶኝ ሆዴ ላይ አኖርኩት። ጣራውን አየሁ። ሁለት ቦታ ላይ ምስማሩ ወጥቷል። ዐይኔን ጨፈንኩ።

እሷን ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳት። ትንፋሿን ሰማሁ። አብረን አርጅተን፣ በጠራራ ፀሐይ ስትተነፍስ የሰማኋት ያን ቀን ነው። ረዘም ብሎ ይወጣል፤ ረዘም ብሎ ይገባል፤ ድንገት ይቆማል። ጠበቅሁ። አልተመለሰም። ትከሻዋን ያዝኩ።

«ምነው?» አለች።

«ትንፋሽሽ ቆመብኝ።»

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው። ሐኪሙም ያውቀዋል። ተመልሶ ይመጣል፤ ተኛ።»

ከመቼ ጀምሮ ብዬ ጠየቅኋት። አልመለሰችልኝም፤ ተኝታ ነበር። እኔም አልቀሰቀስኳትም፤ ቀኑን ሁሉ ይህ የመጀመሪያ ጥሩ ሥራዬ ነው።

ሳምንት ያህል ሰመራ ቆየን፤ ቀትር በቀትር አብሬያት ስጋደም አይታ የዘሐራ ልብ ተመለሰ፤ አብረን ወደ አዋሽ ተመለስን። ሁመድ ዘመዶቹን ይዞ ክፍቱን ጣራ በሰሌን ሸፍኖ ጠበቀን፤ ግማሹ ቆርቆሮ፣ ግማሹ ሰሌን ነው፤ እስከ ዛሬም እንደዚያው ነው። አልጋውን በጠዋት፣ ፀሐይ ሳትበረታ፣ ጥቂት ጥቂት እያልኩ ገጠምኩት፤ ትንሽ ይንቋቋል። በሩም ይጮኻል። ግድግዳው ላይ ያለውን ስንጥቅ በየቀኑ አየዋለሁ፤ እሱም ያየኛል፤ ተላምደናል።

ቀትር ሲሆን ሰሌን አንጥፈን እንጋደማለን። ዘሐራ ትተኛለች። እኔን እንቅልፍ ገና አልለመደኝም። ከተማው ጸጥ ሲል ከእሷ ትንፋሽ በቀር የሚሰማ የለም። ይወጣል፤ ይገባል፤ ይቆማል። ሲቆም እኔም ትንፋሼን ይዤ እጠብቃለሁ። ሲመለስ፣ እኔም እተነፍሳለሁ።